«ልቤን» ስትል ሆዷን ነበር፦ እንግሊዝኛ ለምትማሩ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከወልድያ መጥቶ ደሴ እኔ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። በመስከረም 12ኛ ክፍል ሊገባ ነበር። አንድ ቀን የሚተኛበትን ክፍል ልጠርግ ስገባ ግድግዳው ከራስጌ እስከ ግርጌ በወረቀት ተሸፍኖ አገኘሁት። በግራ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀኝ የአማርኛ ፍቺ፣ በጥቃቅን ጽሕፈት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። «ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ብለው፣ «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ደርሻለሁ አክስቴ፤ ሦስት ሺህ ሲሞላልኝ መናገር እጀምራለሁ» አለኝ። እስከዚያ ድረስ ዝም ሊል ነው ማለት ነው።

ማታ ቡና ላይ ተቀምጠን የእናቱ ነገር ተነሣ። «እስቲ እናቴ ናፈቀችኝ በለኝ፣ በእንግሊዝኛ» አልኩት። ቃሉን ያውቀዋል፤ ከመስኮቱ በላይ ተለጥፏል። ቀና ብሎ «ማይ ማዘር ሚስድ ሚ» አለ። ከቃላቱ አንዱንም አልተሳሳተም። የተናገረው ግን «እናቴን ናፈቅኋት» የሚለውን ነው። በእኛ ቋንቋ የግሱ ባለቤት የሚናፈቀው ሰው ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ባለቤቱ ናፋቂው ነው። ይህን ግድግዳው አይነግረውም፤ ሦስት ሺህ ቢሞላም አይነግረውም።

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ያ ምሽት ነው። የእንግሊዝኛ መምህርት አይደለሁም። መጀመሪያ በጤና ረዳትነት፣ በኋላ በነርስነት፣ ጡረታ እስክወጣ 38 ዓመት ሠርቻለሁ። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለእኔ የፈተና ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። የበሽተኛው ካርድ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመድኃኒቱ ብልቃጥም የሚናገረው በእንግሊዝኛ ነው። በሽተኛው ግን የሚታመመው በአማርኛ ነው፤ አለዚያም በኦሮምኛ ወይም በአፋርኛ። እኔ የኖርኩት በሁለቱ መካከል ነው። የማውቀው ነገር ቢኖር በዚያ መካከል ሰው የሚወድቅባቸውን ጉድጓዶች ነው፤ አብዛኞቹን ወድቄባቸዋለሁና።

በ1977 ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የዚያን ዓመት ረሃብ ነገር ከቤተሰቦቻችሁ ስለሰማችሁ አልመለስበትም። በጥቅምት ቢቢሲ ከኮረም ያሳየው ምስል ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ ከየአገሩ ሐኪሞች ወደ ወሎ ጎረፉ፤ እኔም ባቲ መጠለያ ተመደብኩ። የሄድኩት ቁስል ላጥብና መርፌ ልወጋ ነበር። በሳምንቱ አስተርጓሚ ሆኜ አረፍኩት። አልፈራሁም። በእኛ ጊዜ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሰዋስውን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣዋለሁ።

አንዲት አሮጊት ቀረቡና «ልቤን ያመኛል» አሉ። እኔም «ሀርት» አልኩ። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ ጀርባቸውን አዳመጠ፤ ደግሞ ወደ ደረታቸው ተመለሰ። ወረፋው ከድንኳኑ ወጥቶ ተጠምዝዟል። በመጨረሻ አሮጊቷ ትዕግሥታቸው አለቀና የሐኪሙን እጅ ይዘው ከእምብርታቸው ከፍ ብሎ አሳረፉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ልቤን ስል እኮ እዚህ ላይ ነው» አሉኝ። በአገራችን «ልቤን አመመኝ» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጨጓራውን ነው የሚያመለክተው። እናቴ ስትለው ያደግኩበት አነጋገር ነው! ታዲያ ለምን ሳትኩት? እንግሊዝኛውን ለማሳመር ስታገል አማርኛውን መስማት ትቼ ነው።

ይህኛው ሲወራ ያስቃል። የሚቀጥለው አያስቅም።

ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን ነበር። ለእናቱ የስኳርና የጨው ብጥብጥ በኩባያ ተሰጥቷት እንድታጠጣው ተነግሯታል። ሐኪሟ ስትዞር ኩባያውን ከሩቅ አየችና «አልጠጣም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እኔም ለእናቲቱ «አልጠጣም ወይ?» አልኳት። «አዎ» አለች። እኔም «የስ» አልኩ። ሐኪሟም ጠጥቷል ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች።

ስሕተቱን አያችሁት? በእኛ ቋንቋ «አልጠጣም ወይ?» ሲባል «አዎ» ማለት «ልክ ነሽ፣ አልጠጣም» ማለት ነው። እኛ የምንመልሰው ለጠያቂው አባባል ነው። እንግሊዝኛ የሚመልሰው ለነገሩ ነው፤ ጥያቄው በአዎንታም ይምጣ በአሉታ፣ «የስ» ካሉ ጠጥቷል፣ «ኖ» ካሉ አልጠጣም። ሌሊት ተረኛ የነበረች ጓደኛዬ ኩባያውን እንደተሞላ አገኘችው። ልጁ ተርፏል። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ «የስ» የምትለውን ቃል ብቻዋን ከአፌ አስወጥቼ አላውቅም። «የስ፣ ጠጥቷል»፣ «ኖ፣ አልጠጣም» እያልኩ ግሱን አስከትላለሁ። ይህን ልማድ ያዙት። ለሥራ ቃለ መጠይቅም፣ ለኤምባሲ መስኮትም ይሠራል።

በማግስቱ አንድ የታሪክ ደብተር ከመካከሉ ገልብጬ «አማርኛዬ የሚያሳስተኝ ቦታ» የሚል ርእስ ጻፍኩበት። ያ ደብተር በኋላ ሁለት፣ ሦስት ሆነ። ከተማርኩባቸው መጻሕፍት ሁሉ ይልቅ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ እሱ ነው። ምክንያቱም የሰዋስው መጽሐፉ የተጻፈው ለዓለም ተማሪ ሁሉ ነው፤ ጃፓናዊው የሚሳሳተውና ወሎዬው የሚሳሳተው አንድ አይደለም። የእኛን ስሕተት የሚያውቅልን እኛው ነን።

ጥቂቱን ልቅዳላችሁ። እኛ «ጉንፋን ያዘኝ» እንላለን፤ አሳዳጁ ጉንፋኑ ነው። እንግሊዞች ጉንፋኑን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ሰውየው ባለቤት፣ ጉንፋኑ ተሳቢ። እኛ «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ» እንላለን፤ ነገሩ ከውጭ መጥቶ ሲጥለን። እነሱ «እኔ የተራብኩ ነኝ» ዓይነት ነው የሚሉት። ስለዚህ በግሳችን ጅራት ላይ «ኝ» በሰማችሁ ቁጥር ቆም በሉ፤ እንግሊዝኛው ላይ ያ «ኝ» አብዛኛውን ጊዜ ከጅራት ተነሥቶ ራስ ይሆናል። የእህቴ ልጅ የተሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የጊዜ ነገር ነው። አማርኛ «ትናንት ደሴ መጥቻለሁ» ቢባል አይከፋውም። እንግሊዝኛ ግን «መጥቻለሁ» የሚመስለውን ቅርጽ «ትናንት» ከሚለው ቃል ጋር አብሮ አያስቀምጥም። ጊዜው ተቆርጦ ከተነገረ «መጣሁ» ብቻ ነው። በበሽተኛ ካርድ ላይ ይህን ስሕተት ስንት ጊዜ አርሜያለሁ፤ የራሴንም፣ ከእኔ በላይ የተማሩ ሰዎችንም።

የሰዓቱን ደግሞ መቼም አልረሳውም። አንድ ሐኪም ሦስት በሽተኞችን ለማግስቱ «ቴን ኦክሎክ» ብሎ ቀጠራቸው። እኔም «አሥር ሰዓት» ብዬ አስተላለፍኩ። ሐኪሙ ጠዋት በአራት ሰዓት ቆሞ ጠበቀ፤ ጠበቀ፤ ስለ ቀጠሮ አክባሪነት አንድ ነገር አጉረምርሞ ሄደ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሰዓታቸው፣ ከድንኳኑ በር ላይ ተሰልፈዋል። ቁጥሩን ተርጉሜ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳልተረጉም ቀርቼ። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው፤ የልደት ቀን ስትሞሉ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የምታረጁት ወይም የምታንሱት በዚህ ነው።

ስለ ዐረፍተ ነገር አሠራር አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ሌላው መጽሐፍ ውስጥ አለላችሁ። «አበበ በሶ በላ» ሲባል ግሱ መጨረሻ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ «አበበ በላ በሶ» ይላል። ይህን ማንም ያውቃል። ችግሩ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ነው። «ትናንት ከሐይቅ ገበያ ከአጎቴ ጋር ሄደን የገዛነው በግ ጠፋ» ስንል በጉ እስኪመጣ ድረስ ሰሚው ገበያውንም አጎቱንም ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። አማርኛ ቋጠሮውን መጨረሻ ላይ የሚፈታ ተራኪ ነው። እንግሊዝኛ ደግሞ ከበር ሳይገባ ጉዳዩን የሚናገር መልእክተኛ ነው፤ በጉ ጠፋ፣ የቱ በግ፣ የገዛነው፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር። ስትጽፉ መጀመሪያ «ማን» እና «ምን ሆነ» የሚሉትን ሁለቱን አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የቀረውን እንደ ጭነት ከኋላ ጫኑት። ብዙ ተማሪ መካከል ላይ የሚጠፋው አጎቱን አስቀድሞ ነው።

አሁን ወደ ድምፅ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት፤ ደስ የሚለኝ ክፍል ነውና።

አባቴ የአምባሰል ሰው ነው፤ በልጅነቱ ንባብ ቤት ዳዊት ደግሟል። የእናቴ ወንድም ደግሞ ቃሉ ውስጥ ልጆችን ቁርዓን የሚያስቀሩ ሼህ ነበሩ። በወሎ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። ልጅ ሆኜ በዓል በመጣ ቁጥር በሁለቱ መካከል እየተቀመጥኩ አንዱ ግእዙን፣ ሌላው ዐረብኛውን ሲያነብ እሰማ ነበር። ሁለቱም የሚቆጡበት ነገር አንድ ነበር፤ ቃሉን ሳይሆን የቃሉን አወጣጥ የሳተ ልጅ።

አባቴ ተማሪ ሳለ ግእዝ ንባብን፣ ውርድ ንባብን፣ ቁም ንባብን በየተራ አልፏል። ቃላቱንም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ ብለው ይለዩዋቸዋል፤ ድምፅ የቱ ላይ እንደሚነሣ፣ የቱ ላይ እንደሚወድቅ። ተነሹን አውድቆ ያነበበ ልጅ ከመጀመሪያው ይደግማታል። እንግሊዝኛም እንዲሁ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? «ሪከርድ» የሚለውን ቃል መጀመሪያው ላይ ጫን ብላችሁ ካነሣችሁት «መዝገብ» ነው፤ መጨረሻው ላይ ካነሣችሁት «መዘገበ» ነው። ፊደሉ አንድ፣ ቃሉ ሁለት። ይህ አይግረማችሁ። እኛም «ገና» ብለን ጽፈን በዓሉን ይሁን ያልደረሰውን ነገር ለአንባቢው እንተዋለን፤ «ዋና»ም፣ «አለ»ም እንዲሁ። የእኛ ጽሕፈት መጥበቅና መላላትን ይደብቃል፤ የእነሱ ጽሕፈት መነሣትና መውደቅን ይደብቃል። አዲስ ቃል ስትይዙ ፍቺውን ብቻ ሳይሆን ተነሽነቱን ጠይቁ። መዝገበ ቃላቱ ትንሽ ጭረት አድርጎ ያሳያል፤ ብዙ ሰው የቀለም ነጠብጣብ እየመሰለው ያልፈዋል።

የአጎቴ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አስተማረኝ። ቁርዓን ቤት የቀራችሁ «መድ» የሚባለውን ታውቃላችሁ፤ ድምፁ የሚሳብበትን ቦታ። ባጠረበት የሳበ፣ በሚሳብበት ያሳጠረ ልጅ ትርጉም አበላሸ ተብሎ ይታረማል። እንግሊዝኛ ውስጥ መርከብና በግ የሚለያዩት በዚህ ነው። መርከቡ አጭር፣ በጉ ረጅም፤ በፊደላችን ስንጽፋቸው ግን ሁለቱም «ሺፕ» ናቸው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው። የእንግሊዞቹ አነጋገር በአምስት አናባቢ ፊደላት ሃያ ያህል የአናባቢ ድምፅ ያወጣል። ለዚህ ነው የእንግሊዝኛን ቃል በግእዝ ፊደል ጽፋችሁ አታጥኑ የምለው። እኔ እዚህ እንዲህ የጻፍኩላችሁ ለወሬ ነው፤ እናንተ ግን ቃሉን በጆሮ ያዙት።

ደግሞ ምላስ በጥርስ መካከል ብቅ ብሎ የሚወጣው ድምፅ አለ፤ «ይህ» እና «አሰበ» በሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ላይ የሚገኘው። አማርኛ ስለሌለው «ዚስ» እና «ሲንክ» እንላለን። «ሲንክ» ማለት ደግሞ «ሰጠመ» ማለት ነው፤ «እያሰብኩ ነው» ለማለት «እየሰጠምኩ ነው» ያለ ሰው አውቃለሁ፣ ስሙን አልናገርም፣ ባለቤቴ ነው። ቁርዓን ቤት የተማሩ ልጆች ግን ይህን ድምፅ በሰባት ዓመታቸው አውጥተውታል፤ ሣእ እና ዛል የሚባሉት የዐረብኛ ፊደላት በትክክል ሲቀሩ የሚወጡት በዚያው ቦታ ነው። መሳሪያው በእጃቸው ሆኖ ክፍል ሲገቡ «ዚስ» ይላሉ፤ የአንዱን ትምህርት ቤት እውቀት ወደ ሌላው ይዞ መግባት ያልተፈቀደ ይመስል። ጓደኛችሁ የሚያውቀው ከሆነ እሱ ያስተምራችሁ፤ ደሴ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ልጅ ለማግኘት ሁለት በር ማንኳኳት ይበቃል።

ስለ አጻጻፉ መበሳጨት ግን አይበዛም ወይ? «ናይፍ» ሲጻፍ ከፊት የማትነበብ ኬ ቆማለች ብላችሁ ትስቃላችሁ። ድሮ ትነበብ ነበር። እኛስ «ንጉሥ»ን በሠ፣ «ፀሐይ»ን በፀ እና በሐ የምንጽፈው በምን ምክንያት ነው? ድሮ የተለያየ ድምፅ ስለነበራቸው። የሽማግሌ ቋንቋ ሁሉ ያረጀ ልብሱን አይጥልም። ሸምድዱትና እለፉ።

መለማመጃውን በተመለከተ፣ የሠራልኝን ልንገራችሁ። አንደኛውን «ደርሶ መልስ» ብዬዋለሁ። ከማንኛውም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አምስት መስመር እመርጣለሁ፤ እኔ ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን ወረቀት ነበር የምጠቀመው፤ እናንተ የኳስ ዜናም ቢሆን ውሰዱ። ዛሬ ወደ ጥሩ አማርኛ እመልሰዋለሁ፤ ጥሩ አማርኛ፣ የተሰባበረ አይደለም። እንግሊዝኛውን እደብቀዋለሁ። በሁለተኛው ቀን አማርኛውን ብቻ እያየሁ ወደ እንግሊዝኛ እመልሰዋለሁ። ከዚያ የተደበቀውን አውጥቼ አስተያያለሁ። ልዩነቱ ሁሉ ወደ ደብተሩ ይገባል። መምህር አያስፈልግም፤ የሚያርማችሁ ዋናው ጽሑፍ ነው። ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ወር የቀጠለበት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ይህንም ልደብቃችሁ አልችልም፤ አሰልቺ ነው።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች በዝግታ የሚነበብ ልዩ ዝግጅት ነበረው። የሚጠቀምበት የቃል ብዛት 1,500 ያህል ብቻ ነበር። በደርግ ጊዜ የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ ስለሚያስጠይቅ ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እሰማው ነበር። በዚያች 1,500 ቃል የጦርነት ዜና፣ የሳይንስ ወሬ፣ አጭር ልቦለድ ሳይቀር ይነበብ ነበር። ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ግድግዳውን ዞሮ አየ፤ ሦስት መቶ ብቻ ነው የቀረው። ዛሬ እናንተ ብርድ ልብስ አያስፈልጋችሁም። አንዲት የሁለት ደቂቃ ንግግር በስልካችሁ ያዙ፣ የሰማችሁትን ጻፉ፣ ደግማችሁ ስሙ፣ ያመለጣችሁን ሙሉ፤ ከዚያ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ከተናጋሪው ጋር አወዳድሩ። የራስን ድምፅ መስማት መጀመሪያ ያሳፍራል፤ በሦስተኛው ቀን ይለመዳል።

ስለ መተርጎሚያ ማሽኑ ትጠይቁኛላችሁ። ተጠቀሙበት፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን «ልቤን አመመኝ» ብላችሁ ስጡትና የሚላችሁን ተመልከቱ። የባቲዋን አሮጊት እሱ አላያቸውም።

ሦስተኛው ዙሪያውን መሄድ ነው። አንድ ቀን አንድ አባት ልጁን ይዞ መጥቶ «ምች መታው» አለ። ምችን በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ? እኔ ቃል አጣሁና ዝም አልኩ፤ ሐኪሙም ዝም ብሎ አየኝ። ቃል ሲጠፋ ዝም ማለት ትልቁ ስሕተት ነው። በኋላ ራሴን ሰብስቤ፣ ላብ ያላበው ሰው ፀሐይ ወይም ነፋስ ሲያገኘው የሚመጣ፣ ራስ የሚያምና የሚያተኩስ፣ ከንፈር ላይ የሚወጣ፣ ሰው ዳማ ከሴ ጨምቆ የሚጠጣለት ሕመም ነው ብዬ አብራራሁ፤ በቀላል ቃላት፣ አንዷም ከሰባተኛ ክፍል አታልፍም። ሐኪሙ ሳቀና ደብተሩን አውጥቶ «ምች» ብሎ ጻፈ። ከወር በኋላ እሱ ራሱ «ምች ነው?» እያለ ይጠይቀኝ ጀመር። ዛሬውኑ ሞክሩት፤ «ይሉኝታ»ን፣ «ዕቁብ»ን፣ «አብሽር»ን ለማያውቅ ሰው አስረዱ። ሦስት ሺህ ቃል ያለውና አምስት መቶ ቃል ያለው ሰው የሚለዩት እዚህ ላይ ነው፤ ሁልጊዜም የሚያሸንፈው ባለ ሦስት ሺሁ አይደለም።

ባቲ ሰኞ ገበያ የሄደ ሰው የምለውን ያውቀዋል። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ለእኔ በአማርኛ ያንኑ ሎሚ ሲሸጥ አይቻለሁ። ሦስቱንም እያበላሸ ነበር። ሎሚው ግን ተሸጧል። ላሊበላም እንዲሁ ናት፤ በአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ከጎብኚ ጋር እየሄዱ እንግሊዝኛ ያቀላጠፉ ልጆች አሉ። አንዱን ግን ፎርም ሙላ ብዬው ላብ ሲያጠምቀው አይቻለሁ፤ በአፉ የሚያውቀው ሁሉ በእጁ አልነበረም። የእህቴ ልጅ ደግሞ የእሱ ግልባጭ ነው። ሁለቱ አንድ ወር አብረው ቢያድሩ ምን እንደሚወጣቸው አስባለሁ።

ማፈርን በተመለከተ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ሥልጠና ላይ ሐሳብ ስሰጥ አንድ ባልደረባ በአነጋገሬ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር በስብሰባ ላይ አፌን አልከፈትኩም። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ የእሱ ሳቅ አይደለም፤ የእኔ ስድስት ወር ነው። እሱም የተማረው እንደ እኔው ነው፤ ቋንቋው ከእናቱ ጡት ጋር የመጣለት አልነበረም። ፈረንጅ መጥቶ «ጤና ይስቲሊኝ» ሲል «ጎበዝ!» ብለን እናጨበጭባለን፣ እንጀራ እናጎርሳለን። የራሳችን ልጅ አንዲት ቃል ሲስት ግን ክፍሉ በሳቅ ይናወጣል። ይህን ፍርድ ከየት እንዳመጣነው አላውቅም። አብሽሩ፤ ክፍላችሁ ውስጥ ሲሳቅ ሳቁ የማን እንደሆነ እዩ፤ ብዙውን ጊዜ እጁን አውጥቶ የማያውቀው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምናልባት የማትወዱት። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ያልተማረ፣ የሚያውቅ ደግሞ አዋቂ አይደለም። ባቲ ላይ ከሁላችንም በላይ የበሽተኛን ፊት ማንበብ የምትችለው ስሟን እንኳ መጻፍ የማትችል የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። «ይኼ ልጅ ሌሊቱን አይዘልቅም፣ ጥሪያቸው» ስትለኝ ሮጬ ሐኪሞቹን እጠራቸው ነበር። እሷ አማርኛውን ሰጥታኝ ነው እኔ እንግሊዝኛውን ያደረስኩት።

የእህቴ ልጅ በመስከረም ወደ ወልድያ ተመለሰ። ወረቀቶቹን ከግድግዳው አላነሣቸውም፤ እኔም አልነካኋቸውም። ደብተር ግን ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት በስልክ የእንግሊዝኛ መልእክት ላከልኝ። መጀመሪያዋ መስመር «አክስቴ፣ ናፍቀሽኛል» የምትል ናት፤ ባለቤቱም ተሳቢውም በየቦታቸው፣ አንድ እንከን የላትም። ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ከሥሯ ያለችው መስመር «ጉንፋኑ ያዘኝ» ትላለች፤ አሳዳጁ አሁንም ጉንፋኑ ነው።

ዝንጅብል በማር አፍልቶ እንዲጠጣ በአማርኛ መለስኩለት።